የደምሴ ግራ ጫማ

ስለ ደምሴ ከማውራቴ በፊት ጸሐፊው ማን እንደሆነ አንባቢ ማወቅ አለበት። ፍስሐ እባላለሁ፤ ሰባ አራት ዓመቴ ነው። ትምህርት ቤት የቆየሁት አራት ዓመት ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያወቅሁትን ሁሉ ያስተማረኝ ፍስሐ ራሱ ነው። በአሥራ ሦስት ዓመቴ የግድግዳ ሰዓት ፈትቼ ገጥሜያለሁ። እንግሊዝኛ የተማርኩት ከሬዲዮ መጠገኛ መጽሐፍ ነው፤ በዚህ ምክንያት ዳላስ በገባሁበት ሳምንት ዳቦ መግዛት ሳልችል ስለ ትራንስፎርመር ግን አሳምሬ መናገር እችል ነበር። ከዳላስ አጠገብ ባለችው ጋርላንድ ውስጥ እኔ ባለሁበት መንገድ ላይ የማንም ጋራዥ በር አልዘጋ ሲል፣ የማንም ኤሲ በሙቀቱ መሀል ሲቆም፣ መጀመሪያ የሚንኳኳው የእኔ በር ነው። የምስክር ወረቀት የለኝም። የጠገንኳቸው ዕቃዎች ይሠራሉ፤ ሌላ ምስክር ፈልጌ አላውቅም። በማሽን ጉዳይ የተሳሳትኩት በዕድሜዬ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ አንድ ጊዜ ነው።

ደምሴ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አረፈ። ባለቤቱ ጽጌ ናት የነገረችኝ።

“ጋሽ ፍስሐ፣ ወንድምዎ አረፈ” አለችኝ በስልክ። ወዲያው ቀጠለች። “ሰው ሊመጣ ነው። ሞተርሆሟን ከበሩ ላይ ያንሱልኝ። ከእሱና ከእርስዎ በቀር እጁን የሚያሳርፍባት የለም።”

ሞተርሆም አይቶ ለማያውቅ፦ አልጋ፣ ምድጃና ሽንት ቤት በሆዷ የያዘች መኪና ናት። የደምሴ ሞተርሆም ነጭ ናት፤ ጎኗ ላይ ቡናማ መስመር አላት። ሄጄ በሯን ስከፍት፣ ከመሪው ፊት፣ መስታወቱ ሥር፣ አንድ ጥቁር ጫማ ተቀምጧል። የግራ እግር ጫማ ነው። ይዤው ወደ ቤት ገባሁ።

ጽጌ ከሴቶቹ መካከል ተነሥታ መጣች። ጫማውን አየችውና “ለካ እዚያ ነው” አለች። “ሱፉን አውጥተን፣ ቀኙን አግኝተን፣ ግራው ጠፍቶን ቤቱን ስንገለብጥ ነበር።”

“እንኪ ውሰጂው።”

“አይ። ለእሱ ሌላ እናደርግለታለን። ይኼ የመኪናዋ ነው፤ ወደ ቦታው ይመልሱት።”

መለስኩት። ጫማ እንዴት የመኪና እንደሚሆን ላስረዳ።

ከደምሴ ጋር የተዋወቅነው አንድ የዳላስ ሆስፒታል ውስጥ ነው። እኔ ጥገና ክፍል ነበርኩ። ክፍሉን የሚመራው ሌላ ሰው ነበር፤ ሥራውን የሚያውቀው እኔ ነበርኩ። ደምሴ በሽተኞችን በተሽከርካሪ አልጋ ከክፍል ወደ ራጅ፣ ከራጅ ወደ ክፍል ይገፋል። አገር ቤት ሳለ አሥራ ስምንት ዓመት በአሰብ መንገድ ላይ ባለተሳቢ ከባድ መኪና ነድቷል። እዚህ እንደመጣ ኤርፖርት አካባቢ ቫን የመንዳት ሥራ አግኝቶ ነበር አሉ። ቫኑ ኦቶማቲክ መሆኑን ሲያይ ቁልፉን መለሰ።

“ለምን?” ብዬ ጠየቅሁት።

“ማርሽ የማይቀይር ሹፌር ተሳፋሪ ነው” አለኝ። “ተሳፋሪ ደግሞ ደመወዝ አይከፈለውም።”

ስለዚህ ሃያ ዓመት አልጋ ገፋ። ወደ ሥራ የሚመጣው ማንዋል በሆነች፣ ማለትም በእጅና በግራ እግር በሚረገጥ ፍሪሲዮን ማርሽ በሚቀየርባት አሮጌ ፒክአፕ ነበር። አንድ ጊዜ ሌባ መስኮቷን ሰብሮ ገብቶ፣ ማንዋል መንዳት ስላልቻለ ትቷት ሄዷል። ደምሴ ይህን ሲያወራ ለመስኮቷ ሳይሆን ለሌባው ያዝን ነበር። “ምስኪን፣ ያስተማረው የለም” ይላል።

ቁመቱ አጭር፣ ትከሻው ሰፊ ነው። ቀኝ እጁ ሁልጊዜ በትንሹ ጭብጥ እንዳለ ነው፤ ሲናገር በዚያ እጁ ማርሽ ይቀይራል። ነገር ሲጀምር አንደኛ ያስገባል፤ ክርክሩ ሲጋጋል ሦስተኛ ይደርሳል። ሰው ካሰለቸው እጁን ወደ መሀል ይመልስና ዜሮ ያደርገዋል። ዜሮ ካደረገ በኋላ ደምሴን የሚያናግር ሰው አላየሁም።

አንድ ቀን በኮሪደሩ ቁልቁለት አናት ላይ አልጋ አቁሞ አገኘሁት። አልጋው ላይ የተኙት ሽማግሌ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

“ምነው ቆምክ?”

“ዝም በል፤ እየሰማሁ ነው።” አልጋውን ትንሽ ገፋ፣ መለሰ፣ ደግሞ ገፋ። “የኋላው ግራ ጎማ ብሎኑ ላልቷል። ይዣቸው ብወርድ መሀል ላይ ትወልቃለች።”

ያንን አልጋ በዋዜማው የፈተሽኩት እኔ ነኝ። ጎንበስ ብዬ ብነካው ብሎኑ በጣት ይዞራል። በሌሊት ላልቶ መሆን አለበት። ያጠበቅሁት እኔው ነኝ፤ ደምሴ ቆሞ ጠበቀኝ፤ አንድም ነገር አልተናገረኝም። ቁልቁለቱን ሲጀምር ብቻ፣ “ካምቢዮ እጅ ላይ አይደለም ፍስሐ፤ ጆሮ ላይ ነው” አለ፤ እጁ ሁለተኛ አስገባና ሽማግሌውን በቀስታ ይዟቸው ወረደ።

ሁለታችንም ጡረታ ከወጣን በኋላ የጽጌ ታላቅ እህት ብርቄ መርሳት ጀመረች። ብርቄ ሳንዲያጎ ከልጆቿ ጋር ነው የምትኖረው። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ጽጌን ያሳደገቻት እሷ ናት። የብርቄ ልጆች ደውለው “ልታዪያት ከሆነ ቶሎ ነይ፤ እያለች የለችም” አሏት።

ችግሩ ጽጌ አውሮፕላን አትሳፈርም። አሜሪካ ስትመጣ በረራው ደመና ውስጥ ሲናወጥባት ዋለና፣ እግሯ መሬት ሲነካ “ሁለተኛ!” ብላ ምላለች፤ መሐላዋን የሚያስፈርስ ሰው አልተገኘም። በተራ መኪና እንዳትሄድ ደግሞ ወገቧ ታሟል፤ ሁለት ሰዓት ከተቀመጠች መጋደም አለባት። ስለዚህ ደምሴ ሞተርሆም ልግዛ አለ። ነገሩ ቀላል ነበር፣ ኮሚቴው እስኪሰማ ድረስ።

ኮሚቴ የምለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያናችን ፓርኪንግ ጥግ ላይ የምንቆመውን ወንዶች ነው። ማንም አልመረጠንም። ቤት የሚገዛ፣ መኪና የሚለውጥ፣ ጥርስ የሚያስነቅል ሁሉ ግን በእኛ በኩል ያልፋል። ከመካከላችን ሞተርሆም ውስጥ እግሩን ያስገባ አንድም ሰው አልነበረም። ይህ ክርክሩን አላቀዘቀዘውም፤ እንዲያውም ሁሉም እኩል የመናገር መብት አገኘ።

የኦቶማቲክ ወገን መሪ ውብሸት ነበር። ኢንሹራንስ ቢሮ ይሠራል፤ ገና ሃምሳ ዓመቱ ስለሆነ ልጅ ውብሸት እንለዋለን። በስልኩ ያላነበበው ነገር የለም።

“ሶ፣ ጋሽ ደምሴ፣ ነገሩ ሲምፕል ነው” አለ። “አሁን የሚሸጡት በሙሉ ማለት ይቻላል ኦቶማቲክ ናቸው። ትራፊኩን ያውቁታል፤ ጉልበትዎንም ያውቁታል። ዲ ላይ ያደርጋሉ፣ ይሄዳሉ። ፊኒሽ።”

“ዲ ምንድን ነው?” አለ ደምሴ።

“ድራይቭ ነዋ! እሷ ራሷ ትቀይራለች።”

“እኔስ ታዲያ እዚያ ምን ላደርግ ነው የምቀመጠው?”

የማንዋል ወገን መሪ እኔ ነበርኩ። ለጉዳዩ አሥራ ሁለት ገጽ ጥናት ጽፌያለሁ፤ በእጄ፣ ያለ ማንም እርዳታ፣ ሥዕል ጭምር። ቁልቁለት ላይ ሞተሩ መኪናዋን ይይዛታል፣ ፍሬን አይግልም፤ ለጥገና ትቀላለች፤ ሹፌሩ አይተኛም። ሦስተኛ ገጽ ላይ ደግሞ ባትሪ ቢሞት ማንዋል መኪና ተገፍታ ትነሳለች ይላል።

“ቤት እኮ ናት ጋሽ ፍስሐ!” አለ ውብሸት። “አልጋና ምድጃ የተሸከመች ቤት! ማን ነው የሚገፋት?”

ኮሚቴው ሳቀ። ውብሸት በሳቁ በረታና “ደግሞስ የእርስዎ የራስዎ መኪና ኦቶማቲክ አይደለች እንዴ?” አለኝ።

“የእኔ ለከተማ ናት” አልኩት። ጥናቱን በጥልቀት አላነበበውም ነበር።

እንዲህ እያልን አራት እሑድ አለፈ። በመጀመሪያው እሑድ ሳምንት ብርቄ በቪዲዮ ሲደወልላት “ጽጌ፣ ከስተሻል” ትል ነበር። በሦስተኛው፣ “ይቺ ልጅ ማን ናት?” ብላ ጠየቀች፤ ሲነግሯት “አዎ፣ አውቄያታለሁ” አለች። በአራተኛው እሑድ እኛ ገና ፍሪሲዮን ላይ ነበርን።

በመጨረሻ ዴንተን ውስጥ አንዲት ማንዋል ሞተርሆም ተገኘች። ያገኘኋት እኔ ነኝ። የጃፓን ፒክአፕ ላይ የተሠራች፣ ዕድሜ ጠገብ፣ ግን ንጹሕ። እንግዲህ በእኛ ዘንድ አንድ ልማድ አለ፤ ትልቅ መኪና ሲገዛ ብቻውን የሚሄድ ሰው የለም። ሽማግሌ ይላካል። ልክ ሴት ልጅ እንደሚጠየቀው ነው፤ ደህና ሰዎች ተመርጠው፣ ደህና ለብሰው ይሄዳሉ። እኔ፣ ደምሴና ውብሸት ከቅዳሴ በቀጥታ፣ ሱፋችንን እንደለበስን፣ ነጠላችንን እንደደረብን ሄድን።

በሩን የከፈቱት ባርኔጣ ያደረጉ ረጅም የቴክሳስ ሽማግሌ ናቸው። ነጠላ የደረብን ሦስት ሰዎች በረንዳቸው ላይ ተሰልፈን፣ እኔ ጥናቴን በብብቴ ይዤ ሲያዩን፣ “አመሰግናለሁ፤ እኔ የራሴ ቤተ ክርስቲያን አለኝ” ብለው በሩን በትሕትና ዘጉት።

“ሊሰብኩ የመጡ መሰልናቸው!” አለ ውብሸት፤ በሳቅ ግድግዳ ያዘ። ከዚያ የሽያጭ ማስታወቂያውን ከስልኩ አውጥቶ በመስኮቱ አሳያቸው። በሩ እንደገና ተከፈተ።

እንደ ደንቡ ጠየቅን። ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንዳለፈች፣ ተጋጭታ ታውቅ እንደሆነ፣ ሞተሯ ተከፍቶ ያውቅ እንደሆነ። ስንጨርስ ሰውዬው “ለሴት ልጄም ይህን ያህል አልተጠየቅሁም” አሉ። ውብሸት ስልክ ተደውሎለት ራቅ ብሏል፤ ደምሴ ተንበርክኮ ጎማ ያያል። እኔ የመጨረሻውን ጥያቄ ጠየቅሁ፤ ለምን ይሸጧታል?

“በግራ ጉልበቴ ምክንያት ነው” አሉ ሰውዬው እጃቸውን ኪሳቸው እንደከተቱ። “ፍሪሲዮኗ ከባድ ነው። ትራፊክ ውስጥ ገደለችኝ።”

“ምን አሉ?” አለ ደምሴ ከጎማው ሥር።

ይህን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል፤ ግን እጽፈዋለሁ። የደምሴ ግራ ጉልበት በቀዶ ጥገና የተከፈተ ጉልበት ነው። ያንን አውቃለሁ። ጥናቴ ውስጥ ደግሞ ስለ ጉልበት አንድም ገጽ የለም።

“አርጅቻለሁ ነው የሚሉት” አልኩት።

ደምሴ ሊሞክራት መሪው ላይ ሲቀመጥ ማየት ነበር! ሃያ ዓመት ወረደለት። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፤ እጁ ከብዙ ዘመን በኋላ የሚጨብጠው ነገር አገኘ። “እይ ፍስሐ፣ እይ ስትመልስልኝ!” ይላል። ሃይዌይ ስንገባ መንገድ ሥራ ነበርና መኪና ከመኪና ተጣብቆ ቆሟል። አንድ እርምጃ ሄዶ መቆም፣ ፍሪሲዮን መርገጥ፣ መልቀቅ፣ መርገጥ፣ መልቀቅ። አርባ ደቂቃ። ደምሴ ቀስ በቀስ መናገር አቆመ። ስንመለስ ሲወርድ የመኪናዋን በር ይዞ ቆየ።

“ጥሩ ናት” አለ። “ቅዳሜ መጥተን እንወስዳታለን።”

ቅዳሜ አልሄድንም። ከዴንተን በተመለስን ማግስት ጉልበቱ አብጦ ሱሪ አልገባ አለው። ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ተኛ።

በሁለተኛው እሑድ ጽጌ ወደ ፓርኪንጉ ጥግ መጣች። ሴት ወደዚያ ጥግ መጥታ አታውቅም፤ ኮሚቴው መንገድ ለቀቀላት። ፊት ለፊቴ ቆመች።

“ጋሽ ፍስሐ፣ ጥናትዎ ስንት ገጽ ነው?”

“አሥራ ሁለት።”

“እርስዎ አሥራ ሁለት ገጽ ሲጽፉ ብርቄ የልጆቿን ስም ረስታ ጨረሰች። ትናንት እኔን ‘አንቺ ሴትዮ’ አለችኝ።” ድምጿን ከፍ አላደረገችም፤ ያ ነው የከበደኝ። ከዚያ ዞር ብላ “ውብሸት፣ መኪናህን አስነሳ” አለች።

ፎርት ዎርዝ ወዳለ መሸጫ ሄዱ። ሽማግሌ አልተላከም። በኋላ ውብሸት እንደነገረን፣ ጽጌ ገብታ አልጋው ላይ ተጋደመች፤ የሽንት ቤቱን ውሃ ለቀቀች፤ ወጥታ “ቁልፉን” አለች። ስለ ካምቢዮ አንድ ቃል አልጠየቀችም። ኦቶማቲክ ነበረች።

ለደምሴ ስትነግረው አጠገቡ ነበርኩ። እጁ ተነሣ፣ አንደኛ አስገባ፣ ሁለተኛ አስገባ። ሦስተኛ የሚደርስ መስሎኝ ነበር። ጽጌን አያት፤ እጁን ወደ መሀል መለሰና ጉልበቱ ላይ አሳረፈው።

“እሺ” አለ።

በማግስቱ ባዶው ፓርኪንግ ላይ ልምምድ ጀመረ። እኔ ጎኑ ተቀመጥኩ፤ ውብሸት ከኋላ ሶፋው ላይ፤ ጽጌ ለስንቅ የገዛችው የሽንኩርት ጆንያ ደግሞ ቁም ሣጥኑ ውስጥ። መኪናዋ ፍጥነት ስትይዝ የደምሴ እጅ ማርሽ ፍለጋ ሄደ፤ ግራ እግሩም ፍሪሲዮን ፍለጋ። ፍሪሲዮን የለም። እግሩ ያገኘው ፍሬኑን ነው፤ በሙሉ ጉልበቱ ረገጠው። ቁም ሣጥኑ ተከፈተ፣ ሽንኩርቱ እንደ ኳስ መጣ፣ ውብሸትም ከሽንኩርቱ ጋር መጣ።

“ኦ ማይ ጋድ! ጋሽ ደምሴ! ምን ነካዎት?”

“እኔን አይደለም፤ እግሬን ነው” አለ ደምሴ።

ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ሦስቴም ውብሸት ፊት ድረስ መጣ። እኔ እዚያው ላይ መፍትሔ ነደፍኩ፤ የግራውን በኩል የሚዘጋ የእንጨት ሣጥን። ቤቴ ሄጄ በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ሠርቼ አመጣሁት። ጥሩ ሥራ ነበር። የደምሴ እግር በመጀመሪያው ርግጫ ሰበረው።

ደምሴ ሞተሩን አጥፍቶ እግሩን ለረጅም ጊዜ አየው። “ይኼን እግር ያስተማርኩት እኔ ነኝ” አለ። “ዛሬ ሥራ የለህም ብለው አያምነኝም።” ጎንበስ ብሎ የግራ ጫማውን ፈታ፣ አወለቀው፣ መስታወቱ ሥር አስቀመጠው። “ሹፌር ያለ ጫማ ፔዳል አይረግጥም። እግሬ ይህን ያውቃል። ጫማው ከወለቀ ሥራ አብቅቷል ማለት ነው።”

አስነሣ። ዞረ። አንድ ሽንኩርት አልተንቀሳቀሰም።

ጽጌ ከዳር ቆማ ታየን ነበርና በካልሲ ሲወርድ አይታ ሳቀች። በዚያ ሰሞን ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። “ደግሞ ጀመረህ?” አለችው። ከዚያ ለእኔ፣ “ጋሽ ፍስሐ፣ መጀመሪያ ደሴ ቤታችን የመጣ ዕለትም እንዲሁ ነው። ጫማውን ሊያደርቅ ሞተሩ ላይ አስቀምጦት፣ ተቃጥሎበት፣ አንድ ጫማ ብቻ አድርጎ! በሩን የከፈተችለት ብርቄ ናት። ዓመት ሙሉ ስቃበታለች።”

በዚያው ሳምንት ተነሣን። ውብሸት ሥራ ስላለው ሁለተኛው ሹፌር እኔ ሆንኩ። የምዕራብ ቴክሳስን ሜዳ በሙሉ የነዳሁት እኔ ነኝ፤ ደምሴ በእኔ መንዳት ላይ ያገኘው ስህተት “መሪውን እንደ ሕፃን አትቀፈው” የሚል ብቻ ነበር። ጽጌ ሲደክማት ትጋደማለች፤ ስትነሣ ሳንዲያጎ ትደውላለች። “ዛሬ እንዴት ናት?” ትላለች፤ ትሰማለች፤ መልሳ ትጋደማለች። እኛም አንጠይቃትም።

ሳንዲያጎ ከመድረሳችን በፊት ትልቅ ተራራ አለ። ዳገቱን ወጥተን ቁልቁለቱ ሲጀምር መሪው በደምሴ እጅ ነበር። ሬዲዮውን አጠፋ። “ዝም በሉ” አለ። ጽጌ ጸሎት እያደረሰች ነበር። “ጸሎቱንም በልብሽ አድርጊው” አላት። በአሰብ መንገድ ቁልቁለት ማለት ሹፌሩ መኪናውን የሚሰማበት ጊዜ ነው፤ ማንም አይናገርም። እጁ ከዲ ላይ ተነሥቶ ወደ ሁለት ወረደ። ሞተሩ ጮኸ፤ መኪናዋ እንደ ተያዘ በሬ ረጋ አለች። ከፊታችን የሚወርዱት መኪናዎች የፍሬን መብራት ቀይ በቀይ ሆኗል፤ ደምሴ ፍሬን የነካው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ታች ደርሰን ዳር ይዞ ቆመ። ወርዶ እጁን ጎማዎቹ አጠገብ አስጠጋ። አልጋሉም።

“ለካ ይቺም ማርሽ አላት” አለ። “ዝምተኛ ሆና ነው እንጂ።”

ጽጌ ውስጥ ነበረች። እዚያው እንደቆምን፣ እኔን ሳያይ፣ “የዴንተኑ ሰውዬ ጉልበቴን ነው ያሉት” አለ።

የጎማውን ብሎን በጣቴ ሞከርኩ።

“ሃያ ዓመት በሽተኛ ስገፋ ጉልበት በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል አላውቅም ፍስሐ?”

“ታዲያ ለምን ዝም አልከኝ?”

“ደስ አለኛ! አንተ ዋሸህልኝ፤ እኔም ወድጄ ተቀበልኩህ። አንተ ጥናትህን፣ እኔ እጄን አስቀደምን። ሁለታችን ተባብረን ነው ብርቄን ያስጠበቅናት።” እጁ አንደኛ አስገባ። “በል ግባ።”

ብርቄ ከልጇ ቤት ደጃፍ ላይ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ጽጌ ከመኪናዋ እንደ ልጅ ዘላ ወረደች፤ ወገቧ የታመመ አይመስልም። እግሯ ሥር ተንበርክካ አቀፈቻት። ብርቄ እንደ ጨዋ አስተናጋጅ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት።

“እንደምን ዋልሽ እመቤት? ከሩቅ ነው የመጣሽው?”

ጽጌ ፊቷን ብርቄ ጭን ላይ እንደደፋች ቀረች። የሚያየው ቦታ ያጣ ሰው ወዴት እንደሚያይ አውቃለሁ፤ እኔ ጎማ አየሁ። አሥራ ሁለቱ ገጾች ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ። አራት እሑድ፣ ሁለት ሳምንት፤ በሐሳቤ ቆጠርኩት።

በዚህ መሀል ደምሴ ወረደ። ተጣድፎ ስለነበር ጫማውን ረስቷል። አስፋልቱ ግሏል፤ በአንድ ጫማና በተቀደደች ካልሲ፣ እሳት እንደረገጠ ሰው እየነጠረ መጣ። ብርቄ እግሩን አየች። ወደ ላይ ፊቱን አየች። መልሳ እግሩን አየች። ከዚያ ሳቋን ለቀቀችው።

“ጽጌ!” አለች። “ኧረ ጽጌ፣ ይኼ ሹፌርሽ ዛሬም ጫማው አልሞላም?”

ጽጌ ቀና አለች። ብርቄ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ “ከስተሻል” አለቻት።

ሁለት ሳምንት ሰነበትን። በማግስቱ ጠዋት ደምሴ ሁለቱንም ጫማ አድርጎ ከሞተርሆሟ ወረደ፤ ብርቄ “እንደምን አደሩ ጌታዬ” አለችው። ቆመ። ተመልሶ ወጣ። የግራውን አውልቆ ወረደ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ እንደዚያው ነበር የሚወርደው። አንዳንድ ቀን ምንም አልሆነም። አንዳንድ ቀን ብርቄ ትስቅና ጽጌን በስሟ ትጠራለች፤ ያን ቀን ሁለቱ እህትማማቾች እስከ ማታ ያወራሉ፤ እኛን ወንዶቹን የሚያስታውሰን የለም። ብርቄ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም።

ማንዋሏን ገዝተን ቢሆን ኖሮ ደምሴ ሁለቱንም ጫማ አድርጎ ይደርስ ነበር። የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነው፤ እንዲህ ያለውን ነገር ደግሞ በየትኛውም መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁትም።

ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው የሠራውን ራሱ ካልቆጠረ የሚቆጥርለት የለም። ስለዚህ፦

ያለ አስተማሪ እንግሊዝኛ አንብቤያለሁ፤ አስተርጉሜያለሁም፤ ከአንድ ጊዜ በቀር በትክክል።

በመንገዳችን ላይ ያልጠገንኩት የጋራዥ በር የለም።

በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ የእንጨት ሣጥን ሠርቻለሁ፤ ለተራ እግር ቢሆን እስከ ዛሬ ይቆይ ነበር።

ሰባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ከዳላስ ሳንዲያጎ ነድቼ ተመልሻለሁ።

ስለ ካምቢዮ አሥራ ሁለት ገጽ ጽፌያለሁ፤ አሥራ ሦስተኛም ጨምሬበታለሁ። እንዲህ ይላል፦ “ከላይ የተጻፈው ሁሉ ትክክል ነው፤ በመጀመሪያ ግን የሚነዳው ማን እንደሆነና ማን እየጠበቀው እንደሆነ ይጠየቅ።” ለደምሴ አንብቤለታለሁ። እጁን ሦስተኛ ላይ አድርጎ “እሱን ብቻ ጽፈህ ቢሆን በአንድ እሑድ እንጨርስ ነበር” ብሎኛል።

ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ ሞተርሆሟን ከለቀስተኛው መካከል አውጥቼ፣ አንድም ሰው፣ አንድም መኪና ሳልነካ፣ ሁለት ቤት አለፍ ብዬ ፓርክ አድርጌያታለሁ። ኦቶማቲክ መንዳት ከጀመርኩ ሠላሳ ዓመቴ ነው፤ ግራ እግሬ አንድ ቀን ተሳስቶ አያውቅም፤ ምንም አያስፈልገኝም። ቢሆንም ሞተሩን ከማስነሳቴ በፊት የግራ ጫማዬን አውልቄ ከእሱ ጫማ ጎን አስቀምጫለሁ።